ከጓደኛዎ ጋር ይምጡ

ባለፈው እትም በዚህችው ዓምድ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት አውግተን ነበር የተለያየነው። የዛሬው ወጋችን ግን ትንሽ ባሩድ ባሩድ ይሸታልና ጆሯችሁን ሸፈን አድርጋችሁ አንብቡት።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ይህችን ጋዜጣ ከምታነሱባቸው ምግብ ቤቶች በአንዱ ተሰብስበን፣ ምሳው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ወሬው እንደተለመደው ከአገር ቤት ፖለቲካ ተነስቶ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ወንጀል ላይ አረፈ። እንደምታስታውሱት በ2023 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከ950 በላይ የመኪና ነጠቃ ተመዝግቧል፤ በዚያው ዓመት 274 ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወርዷል። በእኛ ሹፌሮች ልብ ውስጥ ያለው ፍርሃት ግን ገና አልወጣም።

ከመካከላችን ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ወዳጄ የቡና ስኒውን አስቀመጠና፣ «እኔ በቃኝ። ልገዛ ነው» አለ።

«ምን?»

«ሽጉጥ ነዋ!»

ጠረጴዛው ተሟሟቀ። አንዱ ያባቱ ምንሽር ከተሰቀለችበት ግድግዳ ሥር ተኝቶ እንዳደገ ነገረን። ሌላው «በአገራችን መሣሪያ የሌለው ሰው መቼ ከሰው ይቆጠር ነበር?» አለ። አንዲት እህታችን «አገራችሁን ያጠፋው ይኸው አይደለም እንዴ?» ብላ ቀጨችው። ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠው እስካሁን ምንም ያልተናገሩ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ግን ቀና አሉና ለወዳጄ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ብቻህን እንዳትሄድ። ሰው ይዘህ ሂድ።»

እኛ ዋጋ የሚከራከርለት ሰው ይዘህ ሂድ ያሉት መስሎን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

በዚህ ዓይነት ነው እንግዲህ እኔ፣ ከብዕር በቀር መሣሪያ ጨብጬ የማላውቀው፣ ማክሰኞ ዕለት ከወዳጄ ጎን ተቀምጬ ወደ ፌርፋክስ በኩል የሄድኩት። ሱቁ በልብስ ማጠቢያና በጥፍር ቤት መካከል፣ አንድ መደዳ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የማስታወቂያ ክፍያ አልተቀበልኩበትም።

እውነቱን ለመናገር በጎሪጥ የሚያየን ሰው ነበር የጠበቅሁት። የተቀበለን ግን «ምን ልርዳዎት ጌታዬ?» የሚል ትሑት ወጣት ነው። በመስታወቱ ሥር የተደረደሩትን ሽጉጦች ሳይ ፒያሳ ወርቅ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ወዳጄ በፊልም ያየውን የመሰለ ትልቁን ጠቆመ። ልጁ «እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ» አለና መዳፉን አይቶ፣ ትልቁን እዚያው ትቶ አነስ ያለ ባለ 9 ሚሊ ሜትር አወጣ። ከመስጠቱ በፊት ካርታውን ነቀለ፤ ጥይት መጉረሻውን ከፍቶ አየ፤ በጣቱም ዳሰሰ፤ ለእኛም አሳየን። ወዳጄ ተቀብሎ፣ ሚዛኑን ሊሞክር ነው መሰለኝ፣ ዞር ሲል አፈሙዙ በቀጥታ በእኔ ግንባር ላይ አለፈ። ልጁ ሳይቆጣ አንጓውን ያዘና ወደ መሬት መለሰው። «ባዶ መሆኑን ቢያውቁም ሁልጊዜ እንደጎረሰ ይቁጠሩት። ጣትዎንም ከምላጩ ያርቁ» አለው። ወዳጄ ደነገጠ። እኔም ግንባሬን ዳሰስኩ።

ቀጥሎ የመጣው ፎርም ነው። 4473 የሚባል የፌዴራል መንግሥት ቅጽ ነው፤ ማንኛውም ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሳያስሞላ አይሸጥም። ጥያቄዎቹ እንደ ኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ናቸው። በከባድ ወንጀል ተፈርዶብሃል? በትዳር ጓደኛህ ላይ ባደረስከው ጥቃት ተፈርዶብህ ያውቃል? ሕገወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ? እዚህ ላይ ማሪዋና ክፍለ ሀገሩ ቢፈቅደውም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። ከዚያ ዜግነትህ የየት አገር ነው ይላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል፤ ወዳጄም የገዛው በዚሁ ነው። ነገር ግን ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መሙላት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል።

ለሌሎቻችሁም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው፣ እንዲሁም በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ በሕጉ የተዘረዘሩት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሸፈኑት በቀር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። መያዝ ማለት መግዛት ብቻ አይደለም፤ ተከራይቶ ለአምስት ደቂቃ ኢላማ ላይ መተኮስም መያዝ ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት ሊጠይቃችሁ የመጣውን ወንድማችሁን «ና እስቲ ቅዳሜ እንተኩስ» ብላችሁ ደስ ልታሰኙት አትሞክሩ።

ወዳጄ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ «ያጎቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ገንዘብ ሰጥቶኛል፤ ለእሱም አንድ ልውሰድለት?» አለኝ። የአጎቱ ልጅ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ እዚያ ሽጉጥ ለመግዛት በአብዛኛው ሥልጠና ተወስዶና አሻራ ተሰጥቶ የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ያን ሁሉ ማን ይጠብቃል ብሎ ነው። «ተው!» አልኩት። ለራሱ መግዛት ለማይችል ሰው አስመስሎ መግዛት ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ሆኗል። በእኛ ዘንድ ለዘመድ ዕቃ መግዛት ውለታ ነው። ይህ ዕቃ ግን ውለታ የሚዋልበት አይደለም።

ስሙ ወደ ቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ ተላከ። ለአንዳንዱ መልሱ በደቂቃዎች ይመጣል አሉን፤ የኛ ቆየ። የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚጽፍ ሕዝብ መሆናችን ኮምፒዩተሩን ግራ አጋብቶት ይሆናል ብለን ተሳሳቅን። ልጁም «እስኪመጣ ድረስ ለምን ተከራይተው አይሞክሩም?» ብሎ ወደ ጓሮ ወዳለው የኢላማ መተኮሻ አዳራሽ መራን። «ሁለት ናችሁ አይደል?» ብሎም ጠየቀ። ያን ጊዜ ጥያቄው ምንም አልመሰለኝም።

በአዳራሹ መግቢያ ላይ ብትጎዱ አትከሱንም የሚል ወረቀት ፈረምን፤ ስለ ጥንቃቄ የሚያስተምር ፊልም አየን፤ የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ተሰጠን። ክፍሉ እንደ ቦውሊንግ መጫወቻ በመስመር በመስመር የተከፈለ ነው። ከጀርባችን የሚነሳው አየር ወደ ኢላማው በኩል ይነፍሳል፤ ከጥይቱ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው አሉ። ስትወጡ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ሕፃን አትቀፉ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ የእኛ አልነበረም። ከእኛ ሦስት መስመር ወዲያ ያሉ አንዲት አሮጊት ናቸው የተኮሱት። እኔ ግን ራሴን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ አገኘሁት። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ዕድሜዬም በሃያዎቹ። በዚያን ቀን የሰማሁትን ድምፅ የረሳሁት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰኔና በተከታዩ ጥቅምት የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች፣ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ብሎ ቆጥሯቸዋል። እኔ ግን አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ርችት በሚተኮስበት በጁላይ 4 ቀን መስኮት ዘግቼ ቴሌቪዥን ከመክፈት በቀር ስለ ነገሩ ለማንም አላወራሁም።

አስተማሪው፣ ሸበቶ የሆነ የቀድሞ ወታደር ነው፣ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። አልሳቀብኝም። «ከፈለጉ ይውጡ፤ ማንም ምንም አይልዎትም» አለኝ። ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ ማየት መረጥኩ።

ወዳጄ ከ21 ጫማ ርቀት ላይ 50 ጥይት ተኮሰ። 19ኙ ወረቀቷን እንኳ አልነኳትም። አንድ የጋለ ቀለህ በአንገቱ ገብቶ እስክስታ አስወረደው፤ አስተማሪው ሽጉጡን ተቀብሎ አስቀመጠለት። ከዚያ ለምን እንደሚገዛ ጠየቀው። «ሹፌር ነኝ፤ ለመኪናዬ» አለ ወዳጄ። ሰውየው ዝም ብሎ ወንበር አመጣና አስቀመጠው፤ ባዶ እጁን። «የመቀመጫ ቀበቶ አስረዋል እንበል። ሽጉጡ ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። ሰውየው ደግሞ ከኋላዎ ተቀምጦ የሱን አውጥቷል። በሉ እንግዲህ ይድረሱበት» አለው። ወዳጄ እጁን ዘረጋ፤ መለሰ፤ እንደገና ዘረጋ። አስተማሪው «ሞተዋል» አለው። «መሣሪያ ሊሸጥልዎት የቆመው ሱቅ ሠራተኛ ነኝ። ግን መኪናውን ቢሰጡት ይሻላል።»

የፖሊስ መልስ ወደ ማታ መጣ፤ ተፈቀደ። ወዳጄ 500 ዶላር አካባቢ ከፍሎ ዕቃውን ተቀበለ። ሱቁ በር ላይ የተሸጠ አይመለስም የሚል ተለጥፏል። መኪናው ውስጥ እንደገባን ዳሽቦርዱን ከፍቶ ሊያስቀምጠው ሲል፣ «ነገ ወዴት ነህ?» አልኩት።

«ወዴት እሆናለሁ? ዲሲ ነዋ!»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ያለው፤ እባካችሁ ሹፌር ለሆነ ዘመዳችሁ አንብቡለት። በቨርጂኒያ ሕግ መሣሪያ መያዝ የተፈቀደለት ሰው ሽጉጡን በተዘጋ የዳሽቦርድ ሣጥን ውስጥ ይዞ መንዳት ሊፈቀድለት ይችላል። ያው ሰው፣ በዚያው መኪና፣ የ14ኛውን መንገድ ድልድይ ሲሻገር ግን ሕጉ ሌላ ነው። ዲሲ የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበልም፤ ሜሪላንድም እንደዚሁ። ዲሲ ውስጥ ያለ ከተማው ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የፌዴራል ሕግ መሣሪያን ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላ ማሳለፍ የሚፈቅደው፣ በመነሻውም በመድረሻውም ሕጋዊ ሲሆን፣ ጥይቱ ወጥቶ፣ ሹፌሩ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ሲቀመጥ ነው። ቀን ሙሉ ተሳፋሪ እያነሱ መዞር ማሳለፍ አይባልም።

እስሩ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ጥፋት፣ ለምሳሌ ያለ ፈቃድ ይዞ በመገኘት፣ ከተፈረደበት በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር የሚያስወጣ ምክንያት ይሆንበታል። ማንንም አላቆሰልኩም፣ አልተኮስኩም፣ ሕጉን አላወቅሁም ማለት አያድንም። ሃያ ዓመት የተደከመበት ኑሮ፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች፣ ያልተከፈለው የቤት ዕዳ፣ ይህ ሁሉ አንዲት የትራፊክ ፖሊስ በምታስቆምበት ቅጽበት ላይ ይንጠለጠላል። ኡበርና ሊፍትም ሹፌር መሣሪያ ይዞ እንዳይሠራ ይከለክላሉ፤ ኡበር ይህን ያወጣው በ2015 ነው። ይህን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነገረንም። ነጋዴው በሕጉ መሠረት ሸጠ፤ ገዢው ወዴት እንደሚነዳ መጠየቅ የእሱ ግዴታ አይደለም። የተያዘ ሰው ካለ፣ ወይም ጥርጣሬ ያለው ሰው ካለ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረሙ በፊት ወንጀልንም ኢሚግሬሽንንም የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር።

ወዳጄ በዚያው ምሽት የብረት ሣጥን ገዛ፤ ቤቱ ውስጥ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉ። ሽጉጡ ዛሬ ተቆልፎ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ እሱም እንደ ወትሮው ባዶ እጁን ይነዳል።

በሚቀጥለው እሑድ ለጠረጴዛው ሪፖርቴን አቀረብኩ። ሁሉም ሳቀ፤ በተለይ በቀለሁ እስክስታ። ጋሼን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ስሸኛቸው ግን ክንዴን ያዝ አደረጉኝና፣ «ሁለት ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቃችሁ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። እርስዎ እንዴት አወቁ?»

ዝም ብለው ትንሽ ተራመዱ። ከዚያ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በነበረው ክረምት ወደ አንድ የኢላማ መተኮሻ ሄደው ነበር። ለአንድ ሰዓት ሽጉጥ ልከራይ አሉ። አንድ ለጋ ልጅ፣ «የራስዎ መሣሪያ ከሌለዎትና ብቻዎን ከመጡ አናከራይም። ከጓደኛዎ ጋር ይምጡ» አላቸው። ተቆጡ። በጥቁርነቴ ነው፣ በአነጋገሬ ነው ብለው ደም ሥራቸው ተገታተረ። ልጁ ግን ለሁሉም ሰው ደንቡ ይኸው ነው አላቸው፤ ውኃ አመጣላቸው፤ ቁጭ አድርጎም ስለ አገራቸው ጠየቃቸው።

«ቤቴ ገብቼ ስልኬን አወጣሁ» አሉኝ ጋሼ። «ማንን ይዤ ልሂድ ብዬ ስም መቁጠር ጀመርኩ። አንዱ ሞቷል። አንዱ አትላንታ ሄዷል። አንዱን ተቀይሜዋለሁ። ሌላውን ለዚህ ነገር ና ማለት አፈርኩ። ልጄ፣ ያን ቀን ለምን እንደሄድኩ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ አትጠይቀኝ። በመጨረሻ የተቀየምኩት ላይ ደወልኩ። ስለ ሽጉጥ አላነሳሁበትም። ቡና እንጠጣ አልኩት። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያመጣኝ እሱ ነው።»

ስሜን ካልጠቀስክ ጻፈው ብለውኛል፤ የጻፍኩት ተፈቅዶልኝ ነው።

ቤቴ ገብቼ ጉዳዩን አገላበጥኩት። ይህ ደንብ በአንድ ሱቅ ብቻ ያለ አይደለም፤ ብዙ መተኮሻዎች ብቻውን ለመጣ እንግዳ አያከራዩም። በአሜሪካ በ2021 በመሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እኛ በር ሰብሮ የሚገባውን ሌባ ስንፈራ፣ ብዙው ሞት ከቤት ውስጥ ነው። በኒው ሃምፕሻየር በ2009 የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከአንድ ሱቅ መሣሪያ ገዝተው በሰዓታት ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ ወዲህ የዚያ አካባቢ መሣሪያ ሻጮች ከሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው፣ የከፋው ደንበኛ ሲመጣ እንዴት እንደሚለይና ሽያጩን እንዴት እንደሚያዘገዩ መመሪያ አዘጋጁ። መዘግየቱ ሰው ያተርፋል፤ ከእንዲህ ዓይነት ሙከራ ከተረፉት ሰዎች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ኋላ ራሳቸውን እንደማያጠፉ ጥናቶች ያሳያሉ።

በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ቃል አይነሳም። ነውር ነው። «በድንገተኛ ሕመም» እንላለን፤ ለቅሶ እንደርሳለን፤ አስከሬን ለመላክ ገንዘብ እናዋጣለን። ለመዋጮ የምንፈጥነውን ያህል ሰውየው በሕይወት ሳለ ስልክ ለመደወል አንፈጥንም። ጋሼን ያዳናቸው ስማቸውን እንኳ አስተካክሎ መጥራት የማይችል የሱቅ ሠራተኛ መሆኑ፣ ላመሰግነው ባስብም፣ እኔን በግሌ አሳፍሮኛል። ያን ክረምት በሙሉ ከእሳቸው ቤት አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነበርኩ።

መሣሪያ ግዙ ወይም አትግዙ አልልም፤ እሱ የየራሳችሁ ውሳኔ ነው። ከገዛችሁ ቆልፉት፤ ድልድይ አታሻግሩት፤ ለሌላ ሰው አትግዙ። ቤታችሁ ውስጥ ያዘነ ሰው ካለ ደግሞ ቁልፉ ለጊዜው በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ልቡ የከበደበት ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 ላይ መደወል ይችላል፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

እናም ዛሬ ይህን ጋዜጣ አጣጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። ከተሰወረ የሰነበተ፣ ወይም የተቀያየማችሁት አንድ ሰው አይጠፋም። «ቡና እንጠጣ» በሉት።

እስከሚቀጥለው እትም በቸር ይግጠመን።